ሆሴ ጋርሴስን የምታውቁት አላችሁ? ሬስቶራንት ለመክፈት የምታስቡ ግቡና አንብቡ

ምድጃ ዳር (ፊላደልፊያ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ባለፈው የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለና "11 ዓመት ሙሉ ሰው ቤት ከምትጠብስ የራስህን ለምን አትከፍትም?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ 11 ዓመቴ ነው። እቃ ከማጠብ ጀምሬ ዛሬ ግሪል ላይ ቆሜያለሁ። መልስ ሲጠፋኝ የሼፉን የሆሴ ጋርሴስን ታሪክ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆየና "ታዲያ ይሄ ክፈት ነው አትክፈት?" አለኝ። እኔም አላውቅም። እስቲ እናንተ ፍረዱ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

ጋርሴስ በ1972 ቺካጎ ተወለደ። ቤተሰቦቹ ከኢኳዶር የመጡ ናቸው። ምግብ መሥራት የለመደው ከእናቱና ከአያቱ ጓዳ ነው። አያቱ አማዳ ትባላለች፤ ስሟን ያዙልኝ። ቺካጎ ኬንደል ኮሌጅ ሙያውን ተምሮ ሲጨርስ ስፔን ሄደ፣ ማርቤያ በምትባል የደቡብ ባህር ዳር ከተማ ሠራ። ከዚያ ኒውዮርክ መጣና ዳግላስ ሮድሪጌዝ እጅ ገባ።

ሮድሪጌዝን ዘልዬ ማለፍ አልችልም። የኩባ ስደተኞች ልጅ ነው። በ1989 ፍሎሪዳ ውስጥ ዩካ የሚባል ቤት ሼፍ ሆነ፣ በ1994 ደግሞ ኒውዮርክ ላይ ፓትሪያን ከፈተ። ከዚያ በፊት የላቲን ምግብ ሲባል አብዛኛው ፈረንጅ የሚያውቀው ታኮና ሩዝ በቦሎቄ ነው። ርካሽ፣ ሆድ የሚሞላ፣ በወረቀት ሳህን የሚመጣ። ሮድሪጌዝ ካሳቫውንና ሴቪቼውን ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ አወጣው። "ኑዌቮ ላቲኖ" ተባለ፣ አዲሱ ላቲን እንደማለት። ሴቪቼ ለማታውቁ፣ ጥሬ ዓሣ በሎሚ ነው። እሳት አያይም፣ ሎሚው ራሱ ሥጋውን ነጭ አድርጎ ያጠነክረዋል። ቁርጥ ለሚበላ ሀበሻ መቼም ብርቅ አይሆንም።

በ2001 ሮድሪጌዝ ከፊላደልፊያው ባለ ሬስቶራንት ከስቲቨን ስታር ጋር አልማ ደ ኩባን ሲከፍት ኪችኑን ለጋርሴስ ሰጠው። ዝናው የሮድሪጌዝ፣ ገንዘቡ የስታር፣ ማታ ማታ ላቡ የጋርሴስ። ቀጥሎ የስታርን የሜክሲኮ ቤት ኤል ቬስንም እሱ አስነሳው። በ2005፣ በ33 ዓመቱ፣ የራሱን የመጀመሪያ ቤት ከፈተ። ስሙን አማዳ አለው።

ከዚያ በኋላ ትንፋሽ የለም። 2007 ቲንቶ። 2008 ዲስትሪቶ፣ በዚያው ዓመት ቺካጎ ላይ መርካት። 2009 ቺፋና ቪሌጅ ዊስኪ። 2010 ሌላ ሁለት። በ2009 ደግሞ ጄምስ ቤርድ ከሚባለው ትልቅ የአሜሪካ የምግብ ሙያ ሽልማት የአካባቢው ምርጥ ሼፍ የሚለውን ወሰደ፣ በኖቬምበር ቴሌቪዥን ላይ ውድድር አሸንፎ አይረን ሼፍ ተባለ። በ2012 አትላንቲክ ሲቲ ውስጥ ሬቨል የሚባል አዲስ ካዚኖ ሲከፈት አንድ ሳይሆን የተለያዩ ቤቶቹን ይዞ ገባ። 2.4 ቢሊዮን ዶላር የፈሰሰበት ካዚኖ ነው። በሴፕቴምበር 2014 ተዘጋ። በ2016 አማዳን ኒውዮርክ ወሰደ፣ ብዙም አልቆየ። በሜይ 2018 ኩባንያው መክሰሩን ለፍርድ ቤት አመለከተ።

ታሪኩ ይሄው ነው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሸገር ልጅ

ወንድሜ ጽሑፍህ ደስ ይላል፣ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ሰውየው የኢኳዶር ልጅ ነው። የአያቱን ስም የሰጠው ለስፔን ቤት ነው። የእኔ አያት ብትሆን ጣልያን ሬስቶራንት ላይ ስሟን ስለጥፍ እርግማኗ አይለቀኝም ነበር 😂

ምድጃ ዳር

@ሸገር ልጅ ጥያቄህ ቀልድ መሰለህ እንጂ ዋናው እሱ ነው። አማዳ የደቡብ ስፔን ታፓስ ቤት ነው። ትንንሽ ሳህን፣ ብዙ ዓይነት፣ ጠረጴዛው መሀል ተቀምጦ ለሁሉም። ጋርሴስ ያንን ስፔን ቆሞ ተምሮታል። በ2005 ፊላደልፊያ ላይ "የኢኳዶር ምግብ" ብሎ ቢከፍት ማን ይገባለት ነበር? መጀመሪያ ሰው የሚገዛውን ሸጠ።

ወደ ራሱ የመጣው ቀስ እያለ ነው። ዲስትሪቶ የሜክሲኮ ሲቲ ነው፣ ቺፋ የፔሩ ቻይናዎች ምግብ ነው። በ2014 ኪመል ሴንተር በሚባለው የፊላደልፊያ የሙዚቃና የትርኢት ማዕከል ውስጥ የራሱን የሕይወት ታሪክ በሳህን የሚተርክ ቤት ከፈተ። ስሙ ቮልቬር ነው። በስፓኒሽ "መመለስ" ማለት ነው። ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት።

እትዬ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ልጄ፣ እኔ እንኳ የምጽፈው ከስንት አንዴ ነው። ግን ይሄ ሰውዬ ዋሽንግተንም ቤት ነበረው፣ መሀል ከተማ ሆቴል ውስጥ፣ ሩራል ሶሳይቲ የሚባል የአርጀንቲና ሥጋ ቤት። ልጄ ስትመረቅ እዚያ ወሰደችኝ። ሥጋው ከጨው በቀር ምንም የለበትም። እኔ አዋዜ ፈልጌ ዙሪያዬን ሳይ ቅጠል በዘይት አመጡልኝ፣ ቺሚቹሪ ይሉታል። ሰልችቶኝ ሳይሆን ጥሞኝ ጨረስኩት።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። እኔ ትንሽ ቤት አለችኝ። 14 ጠረጴዛ ናት። ሽሮውንም ዶሮውንም ራሴ ስለምሠራ ቅዳሜ ወረፋ ነበር። ሰዉ ሁሉ "እትዬ ሁለተኛ ክፈቺ" አለኝ። ቨርጂኒያ ከፈትኩ። ምን ሆነ መሰለህ? እዚህ ስሆን እዚያ ወጡ ይቀጥናል፣ እዚያ ስሆን እዚህ እንጀራው ይኮመጥጣል። አንድ ቀን ቨርጂኒያ ሳልነግራቸው ገባሁ። ሽንኩርቱ ገና ነጭ ሆኖ በርበሬ ጨምረውበታል። ልጅቷ "ደንበኛ ስለበዛ ነው" አለችኝ። አልፈረድኩባትም፣ እኔ አልነበርኩም። አከራዩ ደግሞ በየዓመቱ ኪራይ ሲጨምር፣ ጣራው ሲያፈስ ግን ስልክ አያነሳም ነበር። በ19 ወር ዘጋሁ። የመጀመሪያዋ ቤቴ የዚያኛዋን እዳ ሦስት ዓመት ከፈለች።

ታዲያ ይሄ ልጅ አምስት ዓመት ውስጥ ስምንት ቤት ከፈተ ስትለኝ ሆዴን ነው ያመመኝ።

ሂሳብ ያዥ

እትዬ የጻፉትን ሁሉም ደግሞ ያንብበው።

እኔ የሬስቶራንቶች ሂሳብ ነው የምሠራው፣ የእኛም የሜክሲኮዎችም አሉበት። በቀላሉ ላስቀምጠው። ከ100 ዶላር ሽያጭ 30 ዶላር ለጥሬ እቃ ይሄዳል፣ 30 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ለሠራተኛ። ኪራይ ከ10 ባያልፍ ይመረጣል። መብራት፣ ጋዝ፣ ኢንሹራንስ፣ የካርድ ኮሚሽን፣ የተሰበረ ብርጭቆ ሲነሳ 5 ዶላር ከተረፈህ ጎበዝ ነህ። እና አንድ ቤት ሲከስር ከሌላው 5 ዶላር ነው የሚሸፈነው። አንድ ቀዳዳ ለመድፈን ስንት ጤነኛ ቤት እንደሚያስፈልግ አስቡት።

ሌላ ደግሞ "ከሰረ" ስንል ሰው ሁሉ በሩን ዘጋ ብሎ ያስባል። የእሱ ቻፕተር 11 የሚባለው የአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ክፍል ነው። ፍርድ ቤቱ አበዳሪዎችን "ትንሽ ታገሱ" ይላል። ቤቱ እየሠራ እዳው ይደራጃል፣ ወይም ንብረቱ በፍርድ ቤት ፊት ይሸጣል። ቁልፍ የሚያስረክበው ቻፕተር 7 ነው። የጋርሴስ ሲቀርብ ገዢው ተዘጋጅቶ ነበር፣ ባላርድ ብራንድስ የሚባሉ የሉዊዚያና ሰዎች። ፒጄስ ኮፊ የሚባሉት ቡና ቤቶች የእነሱ ናቸው። ከሸሪኮች ጋር ሆነው በዚያው ዓመት ገዙት፣ እሱም ሼፍነቱን ይዞ ቀጠለ። የፊላደልፊያው አማዳ አልተዘጋም።

ቆፍጣናው

ይቅርታ አድርጉልኝና ልቃወም ነው። እዚህ ሁላችንም ለሰውዬው እያዘንን ነው። አትክልት በዱቤ ያቀረበለት ሰውስ? ኩባንያ ሲከስር መጀመሪያ የሚከፈለው ማስያዣ የያዘ ባንክ ነው። ቲማቲም ያመጣው ነጋዴ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚደርሰውም ፍርፋሪ ነው። እኔ አባቴ መርካቶ በዱቤ ሰጥቶ ሲጠብቅ አይቼ ነው ያደግኩት። "አይረን ሼፍ" የሚል ማዕረግ ለአባቴ ዓይነት ሰው ምን ያደርግለታል?

ምድጃ ዳር

@ቆፍጣናው አልከራከርህም። እኔም ያንን ጎን ሳላነሳው ማለፌ ልክ አይደለም።

ግን ሚዛን እንዲኖረው ይህንንም ጨምርበት። በ2012 ጥርስ ሐኪም ከሆነችው ባለቤቱ ጋር ለፊላደልፊያ ስደተኞች የሚሠራ ፋውንዴሽን አቋቋመ። በኪችን ለሚሠሩ ሰዎች የእንግሊዝኛ ትምህርት፣ መድኅን ለሌላቸው የጤና ምርመራ። ኪችን ውስጥ ምድጃ ፊት የቆመ ሰው ምን እንደሚቸግረው ሳያውቅ ይሄ አይታሰብም። እኔ ሥራ ስጀምር "ቢሃይንድ!" ሲሉኝ ዞር ብዬ አይ ነበር። ትርጉሙ "ከኋላህ ነኝ፣ አትንቀሳቀስ" ነው። ክንዴ ላይ ያለው የዘይት ጠባሳ የዚያ ትምህርት ነው።

ቆፍጣናው

እሺ፣ ለጥርስ ሐኪሟ ባርኔጣዬን አነሳሁ። በዱቤው ግን አልታረቅም።

የወላይታዋ

ካሳቫ ነጭ ጠረጴዛ ላይ መውጣቱን ሳነብ ሳቄ መጣ። እኛ ጋ ካሳቫ የተቸገረ ሰው ምግብ ተደርጎ ነው የሚታየው። እናቴ እንግዳ ሲመጣ ትደብቀው ነበር። ሮድሪጌዝ የሚባለው ሰው ምን አድርጎ ነው ሰዎቹን ያሳመናቸው? ዝም ብሎ ዋጋ ጨምሮ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለው?

ምድጃ ዳር

@የወላይታዋ እህቴ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ። ዋጋ ብቻ አይደለም፣ ጨዋታም አለበት። የመጀመሪያ ቤቱ ስም ዩካ ማለት ካሳቫ ነው። ግን ፊደሎቹ "ወጣት፣ ከተሜ፣ ኩባዊ አሜሪካዊ" የሚለው የእንግሊዝኛ አጠራር ምህፃረ ቃልም ናቸው። የሚያፍሩበትን ሥር አንስቶ "ይሄ እኛ ነን" አላቸው።

ሌላው ጣፋጩ ነው። አልማ ደ ኩባ ውስጥ የቸኮሌት ሲጋራ የሚባል ነበረ። እኔ አንዴ በልቼዋለሁ፣ ደሞዝ የወጣ ቀን። ሳህኑ ላይ ወፍራም የኩባ ሲጋራ ተጋድሟል። ቡናማ፣ ልክ እውነተኛው። ስትቆርጪው ውስጡ የአልመንድ ኬክ ነው፣ በቸኮሌት ሙስ ተጠቅልሎ። አጠገቡ ክብሪት አለ፣ እሱም ይበላል። እኔ ክብሪቱን ለማስታወሻ ኪሴ ልከተው ስል አስተናጋጇ ነግራኝ ነው የበላሁት። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀብኝ።

ኩባ ስትባል ፈረንጁ አስቀድሞ የሚያስበው ሲጋራ ነው። ሮድሪጌዝ ያንን ተቀበለና ወደ ራሱ ሙያ አዞረው። ጋርሴስም ይህንን ወርሷል ባይ ነኝ። ዲስትሪቶ ውስጥ ግድግዳው ደማቅ ሮዝ ነበር፣ የሜክሲኮ የትግል ስፖርተኞች ጭንብል ተደርድሮበታል፣ መሀል ላይ አንድ ፎልክስዋገን ቆሞ ሰው ውስጡ ቁጭ ብሎ ይበላ ነበር።

ሸገር ልጅ

ፎልክስዋገን ውስጥ??? አዲስ አበባ ስንቱ ቮልስ ቆሞ ይዝጋል፣ እኛ ገና አልነቃንም።

ባልቲሞር ጎዳና

ዲስትሪቶን አውቀዋለሁ፣ ዌስት ፊሊ ነበር፣ እኛ ሀበሾቹ ካለንበት ሰፈር ሩቅ አይደለም። የሚገርመኝ እሱ ነው። ጥቂት ብሎክ ርቀት ላይ የእኛ ቤቶች አሉ፣ ከእሱ በፊት የተከፈቱም አሉ። እሱ ጋ ሰው ለሦስት ትንንሽ ታኮ የሚከፍለውን እኛ ጋ ሙሉ በያይነቱ ለሁለት ሰው ይበላበታል። እንዲያም ሆኖ "ተወደደ" የሚሉን እኛን ነው። ቂም አይደለም፣ ዝም ብዬ ነው የምለው። (ትንሽ ቂም አለበት።)

ጠረጴዛ 7

በነገራችን ላይ የእኛው ማርከስ ሳሙኤልሰንም ከዚሁ ስቲቨን ስታር ጋር ፊላደልፊያ ላይ ሠርቷል፣ ዋሽንግተን ስኩዌር የሚባል ቤት ላይ። አሠራሩ ከአልማ ደ ኩባ ጋር አንድ ነው። ስመ ጥሩ ሼፍ ሜኑውን ያወጣል፣ በየቀኑ ምድጃው ላይ የሚቆመው ሌላ ነው። እና እኔ ሁሌ የማስበው ስለዚያ "ሌላ" ሰው ነው። ጋርሴስ አልማ ደ ኩባ ላይ "ሌላው" ነበር። አይረን ሼፍ ከሆነ በኋላ ግን ራሱ ሜኑ አውጪ ሆነ፣ በየቤቱ "ሌላ" ሰው ማስቀመጥ ነበረበት። እትዬ ቨርጂኒያ ላይ ያጋጠማቸው ይሄው ነው፣ ልዩነቱ የቤቱ ብዛት ነው።

እትዬ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ልክ ብለሃል ልጄ። ሽንኩርት ሳይቁላላ በርበሬ የሚጨምር ሰው በየከተማው አለ።

ሼፍ ለመሆን

ሰላም ሁላችሁም፣ እኔ አዲስ አበባ የምግብ ዝግጅት ተማሪ ነኝ፣ ሁለተኛ ዓመት። ይህን ሁሉ አንብቤ ልቤ ተከፈለ። ቆይ፣ ጋርሴስ ትምህርት ቤት ከጨረሰ በኋላ የራሱን እስኪከፍት ስንት ዓመት ቆየ? እኛ ክፍል ግማሹ ተማሪ ሲመረቅ ወዲያው ሊከፍት ነው የሚያስበው።

ምድጃ ዳር

@ሼፍ ለመሆን ትምህርቱን የጨረሰው በ1996 ነው፣ አማዳን የከፈተው በ2005። ዘጠኝ ዓመት። የሰው ሽንኩርት ሲከትፍ፣ የሰው ኪችን ሲመራ። እና ልብ በይ፣ በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ሁለት አዲስ ቤት ከዜሮ ሲከፈት ከውስጥ ሆኖ አይቷል፣ በስታር ገንዘብ። ፍሪጅ ሳይመጣ መክፈቻ ቀን ሲደርስ፣ ሜኑው ሦስቴ ሲቀየር፣ የመጀመሪያ ቀን ግማሹ ሠራተኛ ሲቀር። ኪሳራው የሌላ ሰው ሆኖ ስህተቱን የምትማሪበት ቦታ ካገኘሽ አትልቀቂው።

ሂሳብ ያዥ

እዚህ ላይ አንድ ልጨምር። የመጀመሪያውን ቤት ለመክፈት ዘጠኝ ዓመት ወሰደ፣ ቀጣዮቹን ሰባት ለመክፈት አምስት። ሂሳቡ የተበላሸው ሬቨል ላይ ብቻ አይመስለኝም። ካዚኖ ውስጥ ስትገባ ደንበኛህ የአንተ አይደለም፣ የካዚኖው ነው። እሱ በሩን ሲዘጋ አንተ ምግብህ ቢጥም ባይጥም መብራትህ ጠፋ። ስለዚህ ሊዝ ስትፈርሙ "ሕንፃው ቢዘጋስ?" የሚል መስመር መኖሩን እዩ። ሞል ውስጥም ያው ነው።

እትዬ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሂሳብ ያዥ፣ አንተ ልጅ፣ ሜሪላንድ ነህ? የእኔ ሊዝ በዚህ ክረምት ያልቃል። አዲሱን ወረቀት ልከውልኛል፣ 42 ገጽ ነው። ልጄ "ፈርሚው፣ ያው የበፊቱ ነው" አለችኝ። እኔ ግን ይሄን ሁሉ ካነበብኩ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ሂሳብ ያዥ

እትዬ እንዳይፈርሙ። በውስጥ መስመር ጽፌልዎታለሁ። የኪራይ ጭማሪውን፣ የጣራ ጥገናውንና በግልዎ ዋስ የሚያደርግዎትን ገጽ ብቻ በፎቶ ይላኩልኝ። ከዚያ ጠበቃ ጋ አብረን እንወስደዋለን።

ቆፍጣናው

ክፍያው ቨርጂኒያ ያልተቀመሰው ዶሮ ወጥ ነው 😄

ምድጃ ዳር

ከአራት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ማክሰኞ እረፍቴ ስለነበር ክሩን ሳነብ አላስችል አለኝና አማዳ ሄድኩ፣ የመጀመሪያው ቤት፣ ኦልድ ሲቲ። ብቻዬን ስለነበርኩ ባሩ ላይ ተቀመጥኩ። በነጭ ሽንኩርት ዘይት የሚንተከተክ ሽሪምፕ አዘዝኩ፣ በስፓኒሽ "አሂዮ" ይሉታል። በትንሽ የሸክላ ሳህን እየፈላ መጣ። ዘይቱን በዳቦ ጠረግኩት። ያልተጻፈ የሀበሻ ሕግ ስላለ ሳህኑን አጽድቼ ነው የመለስኩት።

ጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ባልና ሚስት ለባርማኑ "ከተከፈተ ጀምሮ እንመጣለን" ሲሉት ሰማሁ። ባለቤቱ መለወጡን ያውቁ ይሆን ብዬ አሰብኩና መጠየቁ አሳፈረኝ።

ለአጎቴ ልጅ ደወልኩለት። "ወሰንክ?" አለኝ። ቆይ፣ ገና ሽንኩርቱ አልተቁላላም አልኩት። ነገ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሺፍት አለኝ፣ በሀበሻ ሰዓት።

ሸገር ልጅ

ሽሪምፑ ስንት ነው ግን?

ምድጃ ዳር

አትጠይቀኝ ወንድሜ።